መታወቂያ የማይጠይቅ ከተማ ስለ ጋንጃ ሲከራከር

ባለፈው ሐሙስ ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ባለች ትንሽ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጠናል። ከቶሮንቶ ለእረፍት የመጣው የአክስቴ ልጅ ማኪያቶውን እያማሰለ "እኛ ጋ እኮ እንደ ዳቦ ነው የሚሸጠው" አለ። ጋንጃ ማለቱ ነው፤ በመጽሐፉ አማርኛ ዕፀ ፋሪስ የምንለው። "እዚህም ይፈቀድና መንግሥት ቀረጡን ይሰብስብ።" አጠገባችን የነበሩ አንድ አዛውንት ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው አዩት።

"እና ልጄ፣ መታወቂያውን ማነው የሚያየው?"

ሳቅን። ጥያቄያቸው ግን እስካሁን አልለቀቀኝም።

የአክስቴ ልጅ ያለው ግማሽ እውነት ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2018 ጀምሮ ፈቅዳለች። ግን እንደ ዳቦ አይደለም። ሱቁ ፈቃድ ያወጣል። እሱ በሚኖርበት ከተማ ከ19 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መግዛት አይችልም። ፓኬቱ ላይ የቲኤችሲ መጠን፣ ማለትም የሚያመረቅነው ንጥረ ነገር ልክ፣ ተጽፎ ይወጣል። መንገድ ላይ ይዞ መሄድ የሚቻለው 30 ግራም ድረስ ነው። ጀርመን ደግሞ በ2024 ስትፈቅድ ተራ ሱቅ እንኳን አልከፈተችም። ወይ ቤትህ ሦስት ተክል ታበቅላለህ፣ ወይ የአብቃዮች ማኅበር አባል ትሆናለህ። እዚህ "ነጻ ሆነ" የሚለው ወሬ ብቻ ነው የሚደርሰን። ሚዛኑ፣ ቤተ ሙከራውና ተቆጣጣሪው አብረው አይመጡም።

ተቃራኒውን ማየት የፈለገ ታይላንድን ይይ። በ2022 ከአደንዛዥ ዕፅ ዝርዝር ሰረዘችው፤ ንግዱን የሚገዛ የተሟላ ሕግ ግን አልነበራትም። ሱቁ እንደ አሸን ፈላ። በ2025 ተመልሳ "ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም" አለች።

እኛ ጋ ሕጉ አጭር ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ላይ ማብቀሉም፣ መሸጡም፣ መጠቀሙም ተከልክሏል። የራስ ተፈሪያኖቹን መኖሪያ ሻሸመኔን የሚጠቅሱልኝ አሉ፤ እዚያ የተፈቀደ የሚመስላቸው። ሕጉ ለሻሸመኔ የተለየ አንቀጽ የለውም።

አሁን ከካፌው ውረዱና 20 እርምጃ ተራመዱ። አንዲት ሴት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጫቷን በኮባ ቅጠል እየጠቀለለች ውሃ ታርከፈክፋለች። እኛ እያየን ሁለት ልጆች መጡ። የትምህርት ቤት ሹራብ ለብሰዋል፤ አንደኛው አርማው እንዳይታይ ገልብጦ ነው የለበሰው። ሴትየዋ የጠየቀቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "የስንት?" ለውዝም ጨምረው ገዝተው ሄዱ። በሥራ ቀን፣ ገና ስድስት ሰዓት ሳይሞላ።

ጫት ሕጋዊ ነው። ዶላር ያመጣል፣ ቀረጥ ያስገባል። ነገሩ ግራ የሚያጋባም ነው። ጫት ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ካቲኖን፣ በ1971ዱ (እ.ኤ.አ.) የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ነው፤ ቅጠሉ ራሱ ግን እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። እንግሊዝ እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ድረስ በሕጋዊ መንገድ ስታስገባው ቆይታ ከለከለችው። ውጭ አገር የሚከለክሉትን እኛ እንሸጣለን፣ ውጭ አገር የሚሸጡትን እኛ እናስርበታለን። አጼ ዮሐንስ ትምባሆ አጫሽን ከንፈር ያስቆርጡ ነበር። ቡናም ቢሆን ካህናቱ የሚያወግዙት ነገር ነበር፤ ዛሬ ያለ እሱ ቅዳሜና እሁድ የለም። ስለዚህ "ይሄ ተፈጥሮው ክፉ ነው፣ ያኛው ባህላችን ነው" የሚለው ክርክር ብዙ አያራምደኝም።

የሚያራምደኝ ሌላ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ሁለት ነገር አዘዘ። የቢራ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ይውጣ፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መጠጥ አይሸጥ። የመጀመሪያው ሠራ። ከዜና በፊት ይዘፍኑልን የነበሩት ቢራዎች ድምፃቸው ጠፋ። ሁለተኛው ወረቀት ላይ ቀረ። ድራፍት ቤት በር ላይ መታወቂያ ተጠይቆ ያየ ካለ ይንገረኝ፤ እኔ አላየሁም። ለምን? የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ ተቆጥረው የሚያልቁ ናቸው፤ ቢሮ ቁጭ ብሎ መከታተል ይቻላል። መጠጥ ቤቱ ግን ስንት በር ነው? በየበሩ ደግሞ አስተናጋጅ አለ፣ ጉርሻ አለ፣ "ተወው ባክህ" አለ።

የጋንጃ ሱቅ ቢከፈት የሚወድቀው ከሁለተኛው ወገን ነው። ለዚህ ነው ሽያጩ ይፈቀድ የሚለውን የማልደግፈው። አብዝቶ፣ በለጋ ዕድሜና ኃይለኛውን ዓይነት ማጨስ አእምሮን እንደሚያውክ ሐኪሞች ደጋግመው ይናገራሉ። የዕድሜ ገደብ ማስከበር ያልቻለ ከተማ ለልጆቹ ሌላ ሱቅ የሚጨምርበት ምክንያት አይታየኝም።

ማሰሩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ አዛውንቱና እኔ ተለያየን፤ እሳቸው "ይታሰር፣ ይቀጣ" ባይ ናቸው። ፖርቱጋል ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለራሱ መጠቀሚያ ትንሽ የያዘን ሰው ወንጀለኛ አትለውም። ክልክሉ እንዳለ ሆኖ፣ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሳይሆን የሕግና የጤና ባለሙያዎች ወዳሉበት ኮሚሽን ይሄዳል። ይሄ ቢያንስ ሱቅ አይጠይቅም። ሐኪም ግን ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ አማኑኤል ሆስፒታል የገባን ሁሉ "አበደ" የምንል ሰዎች ነን።

ካዛንቺስ ሳይፈርስ ጎረቤታችን የነበረ ልጅ አንድ ጥቅልል ኪሱ ውስጥ ተገኘበት። ጋራዥ ነበር የሚሠራው። ጣቢያ ሲያድር፣ ቀጠሮ በቀጠሮ ሲደራረብ ሥራው ሄደ። ሲወጣ የሚያውቃቸው ሻጮች ከመግባቱ በፊት ከሚያውቃቸው በልጠው ነበር። እናቱ ጠዋት ጠዋት ምሳ ዕቃ ይዘው ጣቢያ ይመላለሱ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ያስታውሱታል።

"ሐኪም ቤት ውሰዱልኝ ብዬ ለመንኳቸው" አሉኝ። "'እማማ፣ እንደዚያ የሚል ትእዛዝ የለንም' አሉኝ።"