መሸብኝ የማይባልበት መንገድ

በምሥራቅ አሜሪካ ተራሮች ላይ ከጆርጂያ ተነሥቶ እስከ ሜይን የሚዘልቀው የአፓላቺያን የእግር መንገድ 14 ክፍለ ግዛቶችን ያቋርጣል፤ ርዝመቱም ወደ 3,500 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በየዓመቱ በመጋቢትና በሚያዝያ ብዙ ሰው ከደቡቡ ጫፍ ጉዞ ይጀምራል፤ ብቻውን የሚነሣውም ጥቂት አይደለም። በዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ይህንኑ መንገድ በመኪና ሁለት ሰዓት ሳንነዳ ቨርጂኒያ ባለው የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ እናገኘዋለን። ከወገኖቼ መካከል ቦርሳቸውን አዝለው ለቀናት ብቻቸውን የሚገቡ ሰዎች ማየቴ ደስ ያሰኘኛል። የሚይዙትን ልብስና አወጣጣቸውን ስመለከት ግን፣ እግራቸው ቨርጂኒያ ላይ ቢሆንም ስለ መንገድ ያላቸው እምነት ገና አገር ቤት እንዳለ ይታየኛል።

አገር ቤት የረጅም መንገድ ሰው የቆሎ ተማሪው ነበር። ደበሎውን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ የሚሆን ዱላ ይዞ መምህር ፍለጋ ከደብር ወደ ደብር ሲዘዋወር ቤቱን ተሸክሞ አይሄድም። ሲመሽበት ከአጥር ውጭ ቆሞ «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» ይላል፤ በዝናብ የራሰ ልብሱም ከሰው ምድጃ አጠገብ ይደርቃል። በመንገድ ያገኘው ሁሉ ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቀዋል። እኛ ከተሜዎቹ እንደ ወሬ ፍለጋ የምንቆጥረው ይህ ጥያቄ ለመንገደኛው ዋስትናው ነበር፤ ቢጠፋ የት እንደታየ የሚናገር ሰው አይታጣምና። (ዛሬ በብዙ አካባቢ ግጭትና እገታ መንገዱን እንዳስፈራው አልዘነጋም፤ እንዲህ ያለውን አደጋ ደግሞ የትኛውም ልብስ አይመክተውም።)

በአፓላቺያን መንገድ ላይ ግን ለቀናት የሚንኳኳ በር ላይገኝ ይችላል። በየተወሰነ ርቀት የሚገኙት የእንጨት መጠለያዎች ሦስት ግድግዳ ብቻ ያላቸው፣ አንድ ጎናቸው ክፍት የሆነ ዳስ ናቸው። ስለዚህ መንገደኛው የሚይዘው ልብስ ምድጃውንም ባለቤቲቱንም መተካት አለበት። ወገኖቻችን በዚህ ወቅት የሚሳሳቱት፣ ከታች አበባው ፈክቶ ፀሐዩ ሲሞቅ አይተው በጂንስ ሱሪና በጥጥ ሹራብ ስለሚነሡ ነው። አየሩ ግን በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ በሚወጣበት በግሬት ስሞኪ ተራሮች ደግሞ በሚያዝያም በረዶ ይጥላል። ጥጥ አንዴ ከራሰ ሙቀት አይዝም፣ ቶሎም አይደርቅም። ይህን የመንዝ ሰው ከማንም በፊት ያውቀዋል፤ ለደጋው ብርድ የመረጠው ከበግ ጠጉር የሚሠራውን በርኖስና ባና ነው። ዛሬ በውድ ዋጋ የሚሸጠው የሜሪኖ ካልሲና የውስጥ ልብስም ከዚያው ከበግ ጠጉር የተገኘ ነው።

ልምድ ያላቸው መንገደኞች ከሥር ላብ የሚያሳልፍ የሱፍ ወይም የሰው ሠራሽ ክር ልብስ፣ ከላዩ ፍሊስ (ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ለስላሳ ሹራብ) ወይም የላባ ጃኬት፣ ከሁሉም በላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ይደርባሉ፤ ኮፍያና ጓንትም አይለያቸውም። ጉዞ ሲጀመር ጥቂት በረድ ማለት ይሻላል፤ ሞቆት ዳገት የጀመረ ሰው በላቡ ይርሳል፣ ሲያርፍ ይንቀጠቀጣል። ከሁሉ አስፈላጊው ግን ለመኝታ ብቻ የሚለበሰው ደረቅ ልብስና ካልሲ ነው። ውኃ በማያስገባ ከረጢት ታስሮ ይቀመጣል፤ ጠዋትም ደረቁ ተመልሶ ይታሰርና የትናንቱ እርጥብ ልብስ እንደገና ይለበሳል። የሚያንገፈግፍ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ደረቁን ለብሶ የወጣ ሰው ዝናቡ ከቀጠለ ማታ የሚለውጠው ያጣል።

ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ይህ ጥንቃቄ የበለጠ የሚከብድበት ምክንያት አለው። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ምላስ ይተሳሰራል፣ እግር ይደናቀፋል፣ ማስተዋልም ይጠፋል። ጓደኛ ያለው ሰው «ምን ሆነሃል?» የሚለው አያጣም፤ ብቸኛው ግን መታመሙን የሚያውቅበት አእምሮው ራሱ ታሟል። ለዚህ ደግሞ በረዶ አያስፈልግም፤ ዝናብና ነፋስ ከተባበሩ 10 ዲግሪም ይበቃል። ስለዚህ ጣት ዚፕ መዝጋት ሲያቅተው ያሰቡት ቦታ እስኪደርሱ መታገል ሳይሆን፣ ወዲያው ድንኳን ተክሎ ደረቁን መልበስና የሚበላ ነገር መቅመስ ይገባል። በዝናብ የሞላን ወንዝም ቢሆን ብቻ ሆኖ ከመድፈር ቆሞ እስኪጎድል መጠበቅ ይሻላል።

የልብስ ቀለምም ነገር አለው። መዥገር ቶሎ እንዲታይ ፈዛዛ ሱሪ ለብሶ ጫፉን ካልሲ ውስጥ መክተት፣ ማታም ገላን መፈተሽ መዥገር ከሚያስተላልፈው «ላይም» ከሚባለው በሽታ ይጠብቃል። በሚያዝያ ደግሞ በቨርጂኒያ «ተርኪ» የሚባለውን ትልቅ የዱር ወፍ ማደን ይፈቀዳል። በሸናንዶዋ ፓርክ ውስጥ አደን ክልክል ቢሆንም መንገዱ በሚያልፍባቸው ብሔራዊ ደኖች አዳኝ ስለማይጠፋ፣ ደማቅ ብርቱካናማ ኮፍያ ወይም ሰደርያ ያስፈልጋል። ነጭ፣ ቀይና ሰማያዊ የወንዱን ተርኪ ራስ ስለሚመስሉ አይመከሩም፤ ነጠላውን ለቤተ ክርስቲያን ማቆየት ነው።

ከልብሱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሳይናገሩ መውጣታችን ነው። እናት እንዳትጨነቅ ተብሎ ይደበቃል፤ ጓደኛም ሲመለሱ ፎቶ ያያል። እ.ኤ.አ. በ1955 ኤማ ጌትዉድ የተባለችው የ67 ዓመት አሜሪካዊት ለልጆቿ እቅዷን ሳትነግር፣ በሸራ ጫማና ራሷ በሰፋችው ከረጢት መንገዱን ብቻዋን ጨርሳለች። የእሷን ታሪክ ለድፍረት ምሳሌ የሚያደርጉት ብዙ ናቸው፤ ለእኔ የሚታየኝ ግን ብዙ ሌሊት የሰው ቤት እያንኳኳች ማደሯ ነው፤ እንደ ቆሎ ተማሪው። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ አንዲት የ66 ዓመት መንገደኛ ሜይን ውስጥ ለመጸዳዳት ከመንገዱ ጥቂት ወጣ ብላ ጠፋች። በስልኳ የጻፈቻቸው መልእክቶች ኔትወርክ ስላልነበረ አልደረሱም፤ አስከሬኗ የተገኘው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

በሸናንዶዋ ጫካ ለማደር ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው፤ በዚያም ላይ የሚታደርባቸው ቦታዎች ይመዘገባሉ። መጠለያዎቹ ውስጥም መንገደኛ ስሙንና ቀኑን የሚጽፍባቸው ደብተሮች ይቀመጣሉ፤ በሳተላይት መልእክት የሚልክ ትንሽ መሣሪያም ይሸጣል። ይህ ሁሉ ቤት ለቀረ ሰው የሚሰጠውን ወረቀት አይተካም፤ በወረቀቱ ላይ የመነሻውና የመመለሻው ቀን፣ በየሌሊቱ የሚታደርበት ቦታ፣ የጃኬቱና የድንኳኑ ቀለም፣ መኪናው የቆመበት ስፍራና የፓርኩ የአደጋ ስልክ ቁጥር ይጻፋል። ለእናት መንገር ከከበደ ወረቀቱን አብሮ ለሚኖር ሰው ወይም ለሥራ ባልደረባ መስጠት ይቻላል፤ ብቻ ተቀባዩ በስንት ሰዓት ድምፅ ካልሰማ እንደሚደውል አስቀድሞ ይስማማ።