ወይዘሮ ዝንጀሮ

ከደጀን ቁልቁል፣ ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ማሽላ የሚጠብቅ ሰው ወንጭፉን የሚያነጣጥረው ጋማው ትከሻውን ባለበሰው ወንድ ላይ ነው። «አውራው እሱ ነው፤ እሱ ከሄደ መንጋው ይበተናል» ይላል። ምን ይበተናል! ያ ጎምላላ እኮ ከሌላ አገር መጥቶ የተጠጋ አማች ነው።

ወንድ ዝንጀሮ ከ7 እስከ 10 ዓመት ሲሆነው የተወለደበትን መንጋ ጥሎ ይሄዳል። ሴቷ ግን ከእናቷና ከአክስቶቿ ጋር እዚያው ታረጃለች፤ ቤቱ የሚቆመውም በእነሱ ነው። ማዕረግም ከእናት ይወረሳል። የትልቅ ወይዘሮ ልጅ ገና ጡት ሳትጥል፣ እናቷ አጠገቧ እስካለች ድረስ፣ የዝቅተኛ ቤት ባልቴት ከቦታዋ ታስነሳለች። ከእህትማማቾች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምትበልጠው ታናሺቱ ናት፤ ጠብ ሲነሳ እናት የምታግዘው ለትንሿ ነዋ። ጎጃም ውስጥ ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቀረ። አዋጁ ገደል አልወረደም።

ማን ከማን እንደሚበልጥ ለማወቅ ድብድብ መጠበቅ አያሻም። «መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» ይባል የለ? መቀመጫውን ማየት ነው። አንዷ ስትጠጋ ሌላዋ ጥላውን ወይም ሥር የምትምስበትን ቦታ ለቃ ትነሳለች፤ «ኖር» አትልም እንጂ። አንድ ቀን ብቻ አይቶ መፍረድ ግን ያሳስታል፤ ምናልባት ሰልችቷት ሊሆን ይችላል። ደጋግማ የምትነሳው ያችው ከሆነች ነገሩ አለቀ።

አዲስ መጤው ወንድ የሚበላሽበት በፉከራ ሲገባ ነው። ክራንቻው ወንዶችን ያስፈራ ይሆናል፤ ሴቶቹን ግን ያሸሻቸዋል። ብልሁ አንዲቷን መርጦ ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ከንፈሩን ቶሎ ቶሎ እያማታ ይለማመጣል፤ ከፈቀደችለት ቀርቦ ይቀምላታል። ሽማግሌ ልኮ በአንድ እሑድ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ከተላመዱ በኋላ ጉልበተኛ ሲመጣበት ልጇን አንስቶ ደረቱ ላይ ይለጥፋል። ሕፃኑ ከጮኸ የእናት ዘመድ ሁሉ ስለሚነሳ ጉልበተኛው ሁለቴ ያስባል። ክራንቻቸው ያለቀ ሽማግሌዎችም ዘዴ አላቸው፦ ሁለት ሆነው ጎረምሳውን ያዋክቡና ከሴቷ ይነጥሉታል። ሴቷ የምትደርሰው ግን ለአንዱ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሽምግልና እነሱ ይወቁት።

ሰሜን ተራሮች ላይ ያለው ወንድ ጭላዳ፣ የዝንጀሮ ዘመድ፣ ደግሞ ሥልጣኑን ተነጥቆም ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል፤ ልጆቹን እየጠበቀ።

ኬንያ፣ አምቦሴሊ ውስጥ፣ የእኛዎቹ ዝንጀሮዎች የቅርብ ዘመዶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1971 ጀምሮ በስም እየተመዘገቡ ይጠናሉ። በዚያው አቆጣጠር በ2003 የወጣው ውጤት ከሌሎች ጋር አብረው የሚቀመጡና የሚቃመሉ እናቶች ልጆች አንደኛ ዓመታቸውን የመድፈን ዕድላቸው የተሻለ መሆኑን አሳየ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሚስቱ ሦስተኛውን ቡና ጎረቤት ስትጠጣ በር ላይ ቆሞ የሚያጉረመርም ባል ይህ ቢነገረው «ዝንጀሮ ቡና አትጠጣም» ማለቱ አይቀርም።