«የሚሊየነሮች ጠብ» ብቻ ነበር እንዴ?

አንድ ጸሐፊ በ1994 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ቤዝቦል ተጫዋቾች ያደረጉትን አድማ «የሚሊየነሮች ጠብ» ብለው ማለፋቸው ቅር አሰኝቶኛል። በእርግጥ የዚያ ዓመት ዎርልድ ሲሪስ (የቤዝቦሉ የዋንጫ ፍጻሜ) ተሰርዟል፤ ሁለት የዓለም ጦርነት እንኳ ያላስቆመው ውድድር ነው። ግን ለተጫዋቾች ደመወዝ ጣሪያ ካልተደረገ ያሉት የክለብ ባለቤቶቹ ናቸው። ተጫዋቾቹ ለምን እንደማያምኗቸው ለመረዳት የቤዝቦል ተጫዋቹ ከርት ፍለድ በ1971 ያሳተመውን የሕይወት ታሪኩን ማንበብ ነው። ከሴንት ሉዊስ ክለብ ወደ ፊላደልፊያ ክለብ ሳይጠየቅ ተላለፈ። በዓመት 90 ሺህ ዶላር እየተከፈለው፣ እንደ ዕቃ አልሸጥም ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሟገተ፤ በ1972 በ5 ለ3 ድምፅ ተረታ። የትግሉን ፍሬ፣ ክለብ የመምረጥን መብት፣ የበሉት ከእሱ በኋላ የመጡት ናቸው።

እኔ የጃዝ ሰው ነኝና ሐሳቤ ወደ 1942 ይሄዳል። የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር ከኦገስት 1 ጀምሮ አባላቱ ሸክላ እንዳያስቀርጹ አገደ። ሸክላው በሬዲዮና በመጠጥ ቤት ሲዞር ሙዚቀኛው ሥራ ያጣ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ጨዋታ ሳንቲም አይደርሰውም። ትልልቆቹ የሸክላ ኩባንያዎች ለማኅበሩ ለመክፈል እስኪፈርሙ ከሁለት ዓመት በላይ ፈጀ። በዚያ መሃል፣ በ1943፣ የዘመናዊ ጃዝ ፈር ቀዳጆቹ ቻርሊ ፓርከርና ዲዚ ጊሌስፒ በፒያኖ ተጫዋቹ በኧርል ሃይንስ ባንድ ውስጥ አብረው ይጫወቱ ነበር። በእገዳው ምክንያት፣ እነሱ ያሉበት ያ ባንድ አንድም ሸክላ አላወጣም! እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ማኅበሩን ግን አልወቅስም።

የቤዝቦሉ አድማ ሲጀመር 74 ጨዋታ አሸንፎ 40 ብቻ ተሸንፎ ከሁሉም ይመራ ለነበረው ለሞንትሪያል ክለብ ደጋፊ ግን ይህንኑ ለመንገር አልደፍርም።