የገና ጾም የካህናት ብቻ አይደለም

ወንድሜ፣ «የገና ጾም የቄስና የመነኩሴ ነው፤ እኛን አይመለከተንም» ያልከው ብዙ ሰው የሚለው ነው፤ ግን ስህተት ነው። የገና ጾም፣ ማለት ጾመ ነቢያት፣ ቤተ ክርስቲያን ለሁሉም ካወጀቻቸው ከሰባቱ የአዋጅ አጽዋማት አንዱ ነው። ኅዳር 15 ይገባል፣ በገና ይፈታል። ምእመናንን ሁሉ ይመለከታል። (ከታመምክ ግን የንስሐ አባትህን አማክር።) ነቢያት የጾሙት የጌታን መወለድ እየናፈቁ ነው፤ ኢሳይያስ «የሰላም አለቃ» ያለውን።

ሰላም አጣሁ ላልከው ደግሞ፣ ጠዋት ሥራ ሳትገባ ፒያሳ ጊዮርጊስ ጎራ በል። ነጠላዋን ያጣፋች ቸርቻሪ፣ ቦርሳውን እግሩ ሥር ያስቀመጠ የቢሮ ሠራተኛ ታያለህ። ካህናት አይደሉም። የታክሲ ሰልፉም፣ የቤት ኪራዩም አልቀረላቸውም። ጭንቀታቸውን ይዘው መጥተው ለእግዚአብሔር ይነግሩታል፤ ሰላሙንም የሚያገኙት እዚያው ነው። ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ የሚባሉት ከገና በፊት ያሉት ሦስት ሳምንታት ከፊታችን ናቸው፤ ከነገ ጀምር።