ማስተካከያ፦ አምፐርሳንድ ብቻውን አይበቃም

ስለ ርቀት ሰርቨር ቀደም ብዬ በጻፍኩት ማብራሪያ፣ ረጅም ጊዜ የሚወስድ ሥራ ስታስጀምሩ ከትእዛዙ መጨረሻ አምፐርሳንድ (ሥራውን ወደ ጀርባ የሚልከውን «&») ካደረጋችሁ ብትወጡም ሥራው ይቀጥላል ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ።

ያሳሳተኝ የራሴ ሙከራ ነው። «ኤግዚት» ብዬ በሥርዓት ወጣሁ፤ ተመልሼ ስገባ ሥራው እየሄደ አገኘሁት። ትእዛዞቻችንን ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ባሽ የተባለው ፕሮግራም በተለመደው ቅንብሩ እንዲህ በሰላም ሲሰናበቱት ከጀርባ ያሉትን ሥራዎች አይነካም። መስመሩ ሲቋረጥ ግን ሌላ ነው፦ ተርሚናሉ ይዘጋል፣ ባሽ «ሃንግአፕ» የሚባለው ምልክት ይደርሰዋል፣ እሱም ለሥራዎቹ ሁሉ ያስተላልፋል። ምልክቱን ችላ እንዲል ያልተነገረው ፕሮግራም እዚያው ይሞታል። ይህ የገባኝ መብራት ሄዶ ዋይፋዩ የጠፋ ዕለት፣ ሊያልቅ ጥቂት የቀረው የዳታቤዝ ቅጂ ሲቋረጥብኝ ነው።

ስለዚህ ከትእዛዙ በፊት፣ ሃንግአፕን ችላ እንዲል የሚያደርገውን ኖሃፕን (nohup) ጨምሩ። አምፐርሳንዱም ይቆይ፤ ኖሃፕ ብቻውን ሥራን ወደ ጀርባ አይልክም። የሚወጣውን ጽሑፍ ወደ ሌላ ፋይል ካላዞራችሁት «ኖሃፕ ነጥብ አውት» (nohup.out) በሚባል ፋይል ውስጥ ታገኙታላችሁ። በመሀል የይለፍ ቃል ለሚጠይቅ ሥራ ቲመክስን (tmux፣ ሥራውን በውስጡ የምታስጀምሩበትና ብትወጡም ክፍት የሚቆይ ተርሚናል የሚሰጥ ፕሮግራም) እመርጣለሁ፦ ኮንትሮልና ቢ፣ ቀጥሎ ዲ ተጭናችሁ ትወጣላችሁ፤ በማግስቱ «ቲመክስ አታች» ብላችሁ ካቆማችሁበት ትገባላችሁ።

ሲስተምዲ (የሊኑክስን አገልግሎቶች የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) ባለበት ሰርቨር «ኪል ዩዘር ፕሮሰስስ» የሚለው ቅንብር ከበራ ግን በኖሃፕም በቲመክስም ያስጀመራችኋቸው ሥራዎች ስትወጡ አብረው ይገደላሉ። አስተዳዳሪውን አስቀድማችሁ ጠይቁ።