የምናሴ ምሕረትና የንጹሐን ደም

የይሁዳ ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት በሚያደርስ ሕመም ተይዞ ሳለ፣ ነቢዩ ኢሳይያስ እንደማይድንና ቤቱን ማስተካከል እንዳለበት ነገረው። ንጉሡም ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ አለቀሰ፤ እግዚአብሔርም እንባውን አይቶ በዕድሜው ላይ 15 ዓመት ጨመረለት። በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 20 የተጻፈውን ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ ለታመመ ሰው ስንጸልይም እንጠቅሰዋለን። የሚቀጥለው ምዕራፍ የሚጀምርበትን ቁጥር ግን ከዚህ ታሪክ ጋር አያይዞ የሚያነበው ጥቂት ነው። ሕዝቅያስ ሞቶ ልጁ ምናሴ በዙፋኑ ሲተካ ዕድሜው 12 ዓመት ነበር። እንግዲህ እንደ መጽሐፉ ቍጥር ምናሴ የተወለደው አባቱ በምሕረት በተጨመሩለት ዓመታት ውስጥ ነው። በቸርነት በተገኘ ዕድሜ የተወለደው ይህ ልጅ፣ ምድሪቱን ከእስራኤል በፊት ይዘው ከነበሩት አሞራውያን ይልቅ ክፉ እንዳደረገ ተጽፎበታል።

ምናሴ በኢየሩሳሌም 55 ዓመት ነገሠ፤ ከይሁዳ ነገሥታት መካከል የእሱን ያህል ዘመን በዙፋን ላይ የቆየ የለም። አባቱ ያፈረሳቸውን የኮረብታ መስገጃዎች መልሶ ሠራ፤ ለበኣል መሠዊያ አቆመ፤ በቤተ መቅደሱ በሁለቱ አደባባዮች ለሰማይ ሠራዊት መሠዊያ ሠራ፤ የአሼራን ምስል ሰሎሞን በሠራው ቤት ውስጥ አኖረ፤ ልጁን በእሳት አሳለፈ። ይህን ሁሉ ያደረገው ሕጉን ባለማወቅ አልነበረም። ያደገው አምልኮትን ባደሰ ንጉሥ ቤት ነው፤ የአይሁድም የክርስቲያኖችም ትውፊት ኢሳይያስን በመጋዝ ያስተረተረው እሱ እንደሆነ ይናገራል። ይህን ትውፊት የያዘው ጥንታዊ መጽሐፍ፣ ዕርገተ ኢሳይያስ፣ ሙሉ ሆኖ ለዓለም የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የምናሴ ጭካኔ የአገራችን ሊቃውንት ለዘመናት ሲገለብጡትና ሲያነቡት የኖሩት ታሪክ ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ከተጻፈበት ሁሉ የሚከብደው ግን በምዕራፍ 21 ቍጥር 16 ላይ ያለው ነው። ምናሴ ኢየሩሳሌምን ከዳር እስከ ዳር እስኪሞላት ድረስ እጅግ ብዙ ንጹሕ ደም አፈሰሰ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን የሚነግረን ሁለተኛው መጽሐፈ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 33 ነው። እግዚአብሔር ለምናሴና ለሕዝቡ ተናገራቸው፤ አልሰሙም። የአሦር ንጉሥ የጦር አለቆች መጥተው ንጉሡን ያዙት፤ በናስ ሰንሰለት አስረውም ወደ ባቢሎን ወሰዱት። ምናሴ የአሦር ገባር እንደነበር ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭም ይታወቃል፤ ንጉሥ አስራዶን ለነነዌ ቤተ መንግሥቱ ግንባታ ዕቃ እንዲያቀርቡ ካዘዛቸው 22 ነገሥታት መካከል «የይሁዳ ንጉሥ ምናሴ» የሚል ስም በአሦር ጽሑፍ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ምናሴ በእስር ላይ ሳለ በተጨነቀ ጊዜ የአባቶቹን አምላክ ፈለገ፤ ራሱንም እጅግ አዋረደ። እግዚአብሔርም ልመናውን ሰማው፤ ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ መንግሥቱም መለሰው።

ምሕረት እዚህ ላይ ያለ ቅድመ ሁኔታና ያለ ስስት ተሰጠ። ንጉሡ አስቀድሞ ምንም አልካሰም፤ መካስ በሚችልበት ቦታም አልነበረም። እጁ ታስሮ፣ ዙፋኑን አጥቶ፣ የቀረው ልመና ብቻ ነበር፤ ልመናውም በቂ ሆነ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ የሚገኘው ጸሎተ ምናሴ ያን ሰዓት በቃል ያሳየናል፦ ኃጢአቱ ከባሕር አሸዋ መብዛቱን፣ ቀና ብሎ ሰማይን ማየት እንደማይገባው፣ ንስሐም ለእነ አብርሃም፣ ለይስሐቅና ለያዕቆብ ሳይሆን እንደ እሱ ላለው ኃጢአተኛ እንደተሰጠች እየተናገረ በልቡ ጉልበት ይንበረከካል። ይህን ጸሎት በራሱ አፍ ሊደግመው የማይችል ሰው ያለ አይመስለኝም።

ይህ ምሕረት ለብዙዎች የሚዋጥ አልነበረም፤ ይህም የሚያስገርም አይደለም። የአይሁድ ሊቃውንት ሚሽና በተባለው ጥንታዊ የሕግ ትምህርታቸው ስብስብ ውስጥ በሚመጣው ዓለም ዕጣ የላቸውም ካሏቸው ሦስት ነገሥታት አንዱ ምናሴ ነው፤ ሁለቱ ኢዮርብዓምና አክዓብ ናቸው። ረቢ ይሁዳ ግን የዜና መዋዕሉን ቃል ጠቅሶ ምናሴ ዕጣ አለው ብሎ ተከራከረ፤ ሌሎቹም ወደ መንግሥቱ እንጂ ወደሚመጣው ዓለም ሕይወት አልመለሰውም ሲሉ መለሱለት። ሚሽናን በሚያብራራው ታልሙድ ደግሞ እግዚአብሔር ምናሴን ለመቀበል በሰማይ ጠፈር ላይ እንደ ሽንቁር ያለ መግቢያ ከፈተለት ይባላል፤ ፍትሕ በዋናው በር ቆሞ እንዳይከለክለው ነው። በዚህ ክርክር ውስጥ የምሰማው የክፉ ልብ ቅናት አይደለም። ለሞቱት የተቆረቆሩ ሰዎች ድምፅ ነው የምሰማው።

ለእኔ የጉዳዩ ልብ ያለው ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ በሚታየው ነገር ላይ ነው። የምናሴን ንስሐ የሚተርከው ዜና መዋዕል፣ ኢየሩሳሌምን ስለሞላው የንጹሐን ደም አንድ ቃል አይናገርም። ደሙን የመዘገበው መጽሐፈ ነገሥት ደግሞ ስለ ንስሐው አንድ ቃል አይናገርም፤ ይባስ ብሎም በምዕራፍ 24 ላይ ይሁዳ ስለ ጠፋችበት ምክንያት ሲያስረዳ፣ ምናሴ ስላፈሰሰው ንጹሕ ደም እግዚአብሔር ሊራራ አልወደደም ይላል። ጸሎተ ምናሴም ቢሆን ጣዖት ማቆሙን ይናዘዛል እንጂ የገደላቸውን ሰዎች አያነሣም። አንዱ ጸሐፊ የሌላውን አላነበበም ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ሁለቱን መጻሕፍት በአንድ ጥራዝ ይዘው ለእኛ ያስተላለፉት አባቶች ግን ልዩነቱን ሳያዩት አልቀሩም፤ አንዱንም በሌላው አልሰረዙትም። ስለዚህ ሁለቱንም እንደ ቅዱስ ቃል የሚቀበል አንባቢ አንዱን ብቻ ይዞ መሄድ አይችልም። ምናሴ በእውነት ምሕረት አግኝቷል። ያፈሰሰው ደምም በእውነት አልተረሳም።

ይህ የምናሴ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዘኍልቍ ምዕራፍ 14 ሕዝቡ ወደ ተስፋይቱ ምድር አንገባም ብለው ባመፁ ጊዜ ሙሴ ማለደላቸው፤ እግዚአብሔርም እንደ ቃልህ ይቅር አልሁ ካለ በኋላ ወዲያው ያ ትውልድ ምድሪቱን እንደማያያት ተናገረ። ናታን ዳዊትን እግዚአብሔር ኃጢአትህን አርቆልሃል፣ አትሞትም ባለው በዚያው ንግግር ውስጥ ሰይፍ ከቤቱ እንደማይርቅ ነግሮታል፤ ዳዊት ያስገደለው ኦርዮ ሞቷልና። ልጆች በአባቶች ኃጢአት ይቀጣሉ ማለቴ አይደለም፤ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 ይህን አጥብቆ ይቃወማል። የምለው፣ ይቅር የተባለ ሰው ያደረሰው ጉዳት ከይቅርታው ጋር አብሮ አይተንም፤ ሙታን አይነሡም፣ የተበላሸ ሥርዓት በራሱ አይቃናም፣ አለመታዘዝን የተማረ ሕዝብም ንጉሡ ስላለቀሰ ብቻ አይመለስም።

ምናሴ ራሱ ይህን ሳይረዳ አልቀረም። ከምርኮ ሲመለስ ጸሎቱ ተሰምቷልና ነገሩ አልቋል ብሎ አልተቀመጠም። ባዕዳን አማልክትንና ያቆመውን ምስል ከቤተ መቅደሱ አወጣ፤ መሠዊያዎቹን ከከተማዪቱ ውጭ ጣለ፤ የእግዚአብሔርን መሠዊያ አደሰ። በገዛ እጁ ያስገባውን በገዛ እጁ ማውጣቱ፣ ያሳተውን ሕዝብ ፊት ለፊት አሁን ሌላ ነገር ማዘዙ፣ ለአንድ ንጉሥ ትንሽ ውርደት አይደለም። ሥራው ግን ጎደሎ ነበር። ሕዝቡ በኮረብታው መስገጃዎች ላይ መሠዋቱን አላቆመም። በ22 ዓመቱ የነገሠው ልጁ አሞንም አባቱ ለሠራቸው ምስሎች ሁሉ ሠዋ፤ ይህም ምስሎቹ ተጣሉ እንጂ ጨርሰው እንዳልጠፉ ያሳያል። የልጅ ልጁ ኢዮስያስ ግን የአሼራን ምስል አውጥቶ በቄድሮን ወንዝ አጠገብ አቃጠለው፣ አድቅቆም ትቢያ አደረገው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይቻላል። ኢዮስያስ በ8 ዓመቱ ነገሠ፤ አሞን የነገሠው 2 ዓመት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ምናሴ ሲሞት ኢዮስያስ ስድስት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። መጽሐፉ ባይነግረንም፣ አሞን ያደገው የአባቱን አመፅ እያየ፣ ኢዮስያስ ደግሞ የአያቱን ንስሐ እያየ ሊሆን ይችላል ብዬ አስባለሁ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን ምናሴ ልጆቻቸውን ወደ ገደለባቸው ወላጆች ሄደ የሚል ቃል አናገኝም። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ሲል ያዘዘው ይህን ጉድለት የሚመለከት ነው። ምናሴ መሠዊያውን አድሶ የደኅንነትና የምስጋና መሥዋዕት አቀረበ፤ በወንጌሉ ትእዛዝ መሠረት ግን ከመሥዋዕቱ የሚቀድም መንገድ ነበረበት። ዘኬዎስ ያን መንገድ ሄዷል፤ ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ቀን የገንዘቡን እኩሌታ ለድሆች ሰጠ፣ በሐሰት የከሰሰውንም ሰው አራት እጥፍ እንደሚመልስለት በሰው ሁሉ ፊት ተናገረ።

ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን ስለ እርቅና ስለ ይቅርታ በተነሣ ቁጥር መጽሐፍ ቅዱስ ይጠቀሳል፤ መጠቀሱም ተገቢ ነው። በሞት እንዲቀጡ ተፈርዶባቸው የነበሩ የደርግ ባለሥልጣናት ቅጣታቸው በ2003 ዓ.ም. ወደ ዕድሜ ልክ እስራት የተለወጠላቸው የሃይማኖት መሪዎች ከማለዱላቸው በኋላ ነው። እኔ ያንን ምልጃ አልነቅፍም፤ ሰው እንዳይሞት መለመን የካህን ሥራ ነው። ይሁን እንጂ በመስቀል አደባባይ አጠገብ ባለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ውስጥ ከጅምላ መቃብር የወጣ አጽም ተቀምጧል፤ የልጃቸውን አጽም እንኳ ሳያገኙ ያረጁ እናቶችም አሉ። ለእነዚህ እናቶች ንስሐ ማለት ገዳዩ በጸሎቱ ያለቀሰው ልቅሶ ብቻ ሊሆን አይችልም። የት እንደቀበረው መናገርም አለበት። ዛሬም ከቅርቡ ጦርነት በኋላ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር የተገደሉባቸውን ሰዎች የሚያለቅሱ ቤተሰቦች በየቤተ ክርስቲያኑ ተቀምጠው ስብከት ይሰማሉ። «እግዚአብሔር እንኳ ምናሴን ይቅር ብሏል፤ እናንተ ማን ናችሁ?» የሚል ስብከት ሲሰሙ፣ የሚጠቀስባቸው ግማሹ ታሪክ ነው።

ክርስቲያን ይቅር እንዲል መታዘዙን አልክድም፤ ትእዛዙ ግልጽና ከባድ ነው፤ ሰባ ጊዜ ሰባት ተብሏል። ነገር ግን ትእዛዙን የሰጠው ጌታ ነው፤ የተሰጠውም ለተበደለው ሰው ነው። በዳዩ ያንን ትእዛዝ አንሥቶ የበደለውን ሰው ዝም ሊያሰኝበት አልተፈቀደለትም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 የትእዛዙን ቅደም ተከተል እናገኛለን፦ ወንድምህ ቢበድልህ ገሥጸው፤ ቢጸጸትም ይቅር በለው። ተግሣጽ አስቀድሞ ተቀምጧል፤ ተግሣጽም የሆነውን በስሙ መጥራት ነው። ከሽምግልናችንም ከስብከታችንም ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይህ የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ «ያለፈው አለፈ» ተብሎ ይታለፋልና።

ስለዚህ ሰባኪዎቻችንንና ሽማግሌዎቻችንን የምለምነው፣ ዜና መዋዕል ካልዕ ምዕራፍ 33ን ለሕዝብ ባነበቡ ቀን መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 21ንና 24ን አብረው እንዲያነቡ ነው። በደለኛው በጉባኤው መካከል ከተቀመጠ እግዚአብሔር ከምንም ጥልቅ ሊያወጣው እንደሚችል ይስማ፤ ያንኑ ቀንም የደሙ ታሪክ በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሳይፋቅ መቀመጡን ይስማ። ልጁን የቀበረው ሰው ደግሞ ሐዘኑን የእምነት ጉድለት አድርጎ የሚቆጥርበት ሰው ሳይኖር፣ የልጁን ስም በጉባኤው ፊት የሚናገርበት ጊዜ ይሰጠው።