«ዋናው መትረፍህ ነው» አይበቃም

የፕሮስቴት (ከወንድ ፊኛ ሥር ያለ፣ የዘር ፈሳሽ የሚያመነጭ ዕጢ) ካንሰር የያዘው ሰው ስለ ሞት ሐኪሙን ይጠይቃል። ስለ ወጪውም ይጠይቃል። ከሕክምናው በኋላ ከባለቤቱ ጋር እንደ ድሮው መሆን ይችል እንደሆነ ግን አይጠይቅም፤ ያፍራል። ሐኪሙም ብዙ ጊዜ ቀድሞ አያነሳውም። ደፍሮ ለዘመድ ያዋየ እንደሆነ መልሱ የታወቀ ነው፦ «ዋናው መትረፍህ ነው፣ ተመስገን በል!»

ተመስገን ማለቱ ደግ ነው። ነገር ግን ጉዳዩ መነሳት ያለበት ከሕክምናው በፊት ነው። በሽታው በጊዜ ከተገኘ ምርጫ አለ፣ ምርጫው ደግሞ መኝታ ቤት ድረስ ይገባል።

እንግሊዝ ውስጥ «ፕሮቴክት» የሚባል ትልቅ ጥናት ተደርጓል። ካንሰሩ ከፕሮስቴት ሳይወጣ የተገኘባቸው 1,643 ወንዶች በዕጣ ለሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ቀዶ ሕክምና፣ ሌላው ጨረር፣ ሦስተኛው በየጊዜው እየተመረመረ ክትትል ብቻ። ሲጀመር ከመቶው 67ቱ ለግንኙነት የሚበቃ የብልት መቆም ነበራቸው። በ6 ወር ከቀዶ ሕክምናው ቡድን 12 በመቶ፣ ከጨረሩ 22 በመቶ፣ ከክትትሉ 52 በመቶ ይህን አቅም እንደያዙ ነበሩ። በ6 ዓመት 17፣ 27 እና 30 በመቶ ሆኑ። ዕድሜም የራሱን ይወስዳል፤ ክትትል ላይ ከነበሩትም ብዙዎቹ ኋላ ታክመዋል። በ15 ዓመት በካንሰሩ የሞቱት ግን በሦስቱም ቡድን 3 በመቶ ገደማ ናቸው። ኃይለኛ ካንሰር ሲሆን ሒሳቡ ሌላ ነው፤ ያኔ ቶሎ መታከም ግድ ይላል። ጊዜ ያለው ሰው ግን ይህን ሳይሰማ ለምን ይፈርማል?

ነገሩ የነርቭ ጉዳይ ነው። ብልትን የሚያቆሙት ነርቮች ፕሮስቴቱን ግራና ቀኝ ታክከው ያልፋሉ። በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሐኪሙ ፓትሪክ ዋልሽ እ.ኤ.አ. በ1982 እነሱን ሳይነኩ ፕሮስቴቱን ማውጣት የሚቻልበትን ቀዶ ሕክምና ጀመረ። ያም ሆኖ የተረፉት ነርቮች ይደነዝዛሉ፤ ለማገገም እስከ ሁለት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ሁለቱም ከተቆረጡ ቫያግራም ብዙ አይረዳም፣ መድኃኒቱ የሚሠራው ከነርቭ በሚመጣ መልእክት ነውና። ያኔ ደም ወደ ብልት የሚስብ ፓምፕ፣ ብልት ላይ የሚወጋ መርፌ ወይም በቀዶ ሕክምና የሚገባ ሰው ሠራሽ መሣሪያ አለ። ለልብ ሕመም ናይትሬት የሚወስድ ሰው ግን ቫያግራን እንዳይነካ፤ ደም ግፊቱን አውርዶ ሊገድለው ይችላል።

ብዙዎች የማይነገራቸው ሌላም አለ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ እርካታው ሊኖር ይችላል፣ የዘር ፈሳሹ ግን አይመጣም። ልጅ የሚፈልግ ሰው ዘሩን አስቀድሞ ማስቀመጥ ነበረበት።

አገራችን ውስጥ ደግሞ ብዙው ሰው ሆስፒታል የሚደርሰው በሽታው ከተሰራጨ በኋላ ነው። ጨረር ለረጅም ዓመታት ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። የሚቀረው የወንድነት ሆርሞንን የሚያቆም መርፌ ወይም የዘር ፍሬን ማውጣት ይሆናል። ይህ ብዙ ጊዜ ፍላጎትን ራሱን ያጠፋል። ማንም ያልነገራት ሚስት ምን ታስብ? «ጠልቶኛል» ትላለች፣ ወይም «ሌላ ይዟል»። እሱም አፍሮ ዝም ይላል።

ዝምታው የእኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር የነበረው ሎይድ ኦስቲን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ለፕሮስቴት ካንሰር ሲታከም ለፕሬዚዳንቱ እንኳ አልተናገረም። እንደ እሱ ያሉ ጥቁር አሜሪካውያን ደግሞ በዚህ በሽታ የመሞት ዕድላቸው ከነጮቹ እጥፍ ገደማ ነው። በተቃራኒው የቀድሞው የአሜሪካ ሴናተር ቦብ ዶል ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምናው በኋላ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ ስለ ስንፈተ ወሲብ በግልጽ አወራ። ለመድኃኒት ኩባንያ ማስታወቂያ ነበር፣ እሺ። ቢሆንም ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረ ሽማግሌ ያወራውን ሐኪም ቤት በር ዘግቶ ማውራት ይህን ያህል ይከብዳል?

እንደ እኔ፣ የካንሰር ሐኪሙ (ኦንኮሎጂስቱ) ወይም የሽንት ቧንቧ ሐኪሙ ይጀምር። የሚያፍረው በሽተኛው ነው፤ ሐኪሙ ስለ ሽንት መቋጠር በሚጠይቅበት ድምፅ ይህንንም ይጠይቅ። ባለቤቱ ውጭ ኮሪደር ላይ ከተቀመጠች ትግባ።